እህት ትምህርት ቤት ሲጋብዛችሁ፦ ከናይሮቢ እስከ በርሚንግሃም

እንግሊዝ አገር ካለችው በርሚንግሃም ከተመለስኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የናይሮቢ መምህራን ይደውላሉ። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅም ትደውላለች፤ እሷም አስተማሪ ናት። ጥያቄው ያው ነው። «ቪዛውን እንዴት አገኘሽ? ምን ይዘሽ ሄድሽ? እዚያስ ምን አሉሽ?» ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ስለ እኔ ትንሽ ልበል። የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወላጆቼ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ። እኔ ገና የምታዘል ልጅ ነበርኩ። ያደግኩት ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ነው። ዛሬ ዜግነቴ ኬንያዊ ነው፤ ከናይሮቢ በስተምሥራቅ ባሉት ሰፈሮች በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ አስተምራለሁ። ቤት አማርኛ፣ መንገድ ላይ ስዋሂሊ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፤ ኑሮዬ እንዲህ ነው። ከዚህ ጉዞ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤታችን በርሚንግሃም ካለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ለዓመታት ደብዳቤና ሥዕል ሲለዋወጥ ቆይቷል። እነሱ መምህር ልከው አይተውናል። እ.ኤ.አ. በ2025 ተራው የእኛ ሆነና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ቪዛው ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው። ኬንያ ውስጥ ሰው ሲያገባ፣ ሲታመም፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲያስገባ ሐራምቤ ይደረጋል። ወዳጅ ዘመድ ያዋጣል። ለእኔም ቲኬት ወላጆችና መምህራን አዋጡ፤ እግዜር ይስጣቸው። ገንዘቡ በኤምፔሳ እየተሰበሰበ ወደ ደሞዝ ሒሳቤ ገባ። የባንክ ስቴትመንቱን አያይዤ አመለከትኩ። ተከለከልኩ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ከደሞዝሽ ጋር የማይመጣጠን ገንዘብ በአጭር ጊዜ ገብቷል፤ ከየት እንደመጣ አላሳየሽም፤ ስለዚህ የጉዞሽን ዓላማ ለማመን ተቸግሬያለሁ። ቢሮ ተቀምጦ ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ሐራምቤን ከየት ያውቀዋል?

የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ሲከለከል ይግባኝ የለውም። እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ ክፍያውም እንደገና ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ የመዋጮ ገንዘብ በግል ሒሳባችሁ አይግባ። በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይሰብሰብ፤ ቲኬቱን ትምህርት ቤቱ ይግዛ፤ ይህንኑ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ዕቁብ የደረሳችሁ ሰሞንም ቢሆን ያው ነው፤ ድንገት ለገባ ገንዘብ ወረቀት ያስፈልገዋል።

በሁለተኛው ማመልከቻ ያያያዝኩት የስድስት ወር ስቴትመንት፣ የደሞዝ ወረቀት፣ ከመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን የተሰጠኝ ፈቃድና ወደ ሥራዬ የምመለስበትን ቀን የሚገልጽ የርዕሰ መምህሬ ደብዳቤ ነው። ትውልዴ አዲስ አበባ ስለሚል የዜግነት ወረቀቴንም ጨምሬያለሁ። ትልቁን ሥራ የሠራው ግን የጋባዡ ደብዳቤ ይመስለኛል። የመጀመሪያው «መምህርታችንን ለመቀበል በጉጉት እንጠብቃለን» የሚል የፍቅር ደብዳቤ ነበር። ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት እንደማድር፣ የቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ጉብኝቱ ክፍያ የሌለው የትምህርት ቤቶች ልውውጥ መሆኑን፣ ክፍል ስገባ መደበኛው መምህር አብሮኝ እንደሚሆን ይዘረዝራል። ጋባዦቻችሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዲጽፉ ሳታፍሩ ጠይቁ። እነሱ ቪዛ ጠይቀው ስለማያውቁ ምን እንደሚያስፈልግ አያውቁም።

ፓውንድ የመነዘርኩት ናይሮቢ ከተማ መሀል ካለ የፎረክስ ቢሮ ነው። ከሰጡኝ ውስጥ የወረቀት ሃያ ፓውንዶች ነበሩበት። እንግሊዝ ውስጥ የወረቀት ሃያና ሃምሳ ፓውንድ ከመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሱቅ አይቀበለውም፤ የሚሠራው ፕላስቲኩ ነው። ይህን ያወቅኩት የስልክ ካርድ ልገዛ ተሰልፌ፣ ከኋላዬ ሰው እየጠበቀ ነው። ገንዘቡ ዋጋውን አያጣም፤ የእንግሊዝ ባንክ ይቀይረዋል። ግን በማታውቁት አገር ለዚያ መንከራተት ምን አመጣው? ስትመነዝሩ ኖቱን ዳሰስ አድርጉ። ከተቻለም ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ያዙ። ለንደን ውስጥማ አውቶቡስ ከነጭራሹ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

ሻንጣ ላይ ብዙም አልቆይም። እማዬ ቂቤና ቋንጣ ልትጭንልኝ ታግላ ነበር። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከእኛ አገር ወደ እንግሊዝ ማስገባት ክልክል ነው፤ ይወሰድባችኋል። በርበሬና ሽሮ አለፉልኝ። ለስጦታ የኬሪቾ ሻይ ቅጠልና ኪዮንዶ ያዝኩ፤ ኪዮንዶ የካምባና የኪኩዩ ሴቶች የሚሠሩት የሲሳል ዘንቢል ነው። ከኬንያ ለምትሄዱ፣ የሶኬቱ ዓይነት አንድ ስለሆነ ማስተካከያ አያስፈልግም። ከኢትዮጵያ የምትነሱ ግን ባለ ሦስት እግሩን ያዙ።

የለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የጠየቀኝ የኢሚግሬሽን ሰውዬ ጨዋ ነበር። «እዚህ ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው?» አለኝ። ከእኔ በፊት የሄደች አንዲት መምህር «ላስተምር» ብላ ሥራ ልትቀጠር የመጣች መስሏቸው ብዙ አቁመዋታል። እኔ ደብዳቤውን አውጥቼ እንዳለ አሳየሁት። የደብዳቤውን ቅጂ በእጅ ቦርሳችሁ ያዙት። ሻንጣ ውስጥ ከገባ የለም ማለት ነው።

ከዚያ አውቶቡስ ይዤ በርሚንግሃም ገባሁ። ያረፍኩት የልውውጡ አስተባባሪ የሆነችው መምህርት ቤት ነው። ጊዜው መጋቢት ነበር፤ ዐቢይ ጾም። አስቀድሜ በኢሜይል «እጾማለሁ» ብዬ ጽፌላት ነበር። ስደርስ በዶሮ የተሠራ ምግብ ጠበቀኝ፤ ቀን ሳልበላ ውዬ ማታ የማፈጥር መስሏት ነው። አልፈረድኩባትም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ብዙ ሙስሊም ልጆች አሉ፣ ረመዳንም በዚያው ወር ነበር። «ቪጋን ነኝ በይ፤ አለቀ» አለችኝ ሌላዋ መምህር። እውነቷን ነው። ቪጋን ስትሉ በየሱቁ፣ በየካፌው፣ በተማሪዎች ምሳ ቤት ሳይቀር የሚሆናችሁ አለ። ስለ ምግብ ከመጨነቅ አድኖኛል። የስድስተኛ ክፍል አንድ ልጅ ጾመኛ መሆኔን ሲሰማ «አንቺም?» ብሎ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ስንት ሰዓት እንደምቆይ፣ ውሃ እንደምጠጣ አንድ በአንድ መረመረኝና «የእኔ ይከብዳል» ብሎ ፈረደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ፈረምኩ፤ ጎብኚ የሚል መታወቂያ አንገቴ ላይ ታሠረልኝ። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲሮጡ ደስ ብሎኝ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ነበር። ወዲያው ከቢሮ አንዲት ሴት መጣች። በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርጋ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጆችን ማንሳት እንደማይቻል ነገረችኝ። አጠገቤ ቆማ አስጠፋችኝ። ፊቴ ጋለ። ግን ልክ ነበረች።

ከዚያ በኮሪደሩ ስንሄድ ግድግዳው ላይ የእኛን ትምህርት ቤት አየሁት። «የኬንያ ጓደኞቻችን» የሚል ርዕስ አለው። የተሰነጠቀው መጸዳጃ ቤታችን። ባዶ እግሩን የቆመ የሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ከነሙሉ ስሙ፣ ከታች «ቤተሰቦቹ በቀን አንዴ ይበላሉ» የሚል ጽሑፍ። ያ ልጅ እኔ ፎቶውን ባየሁበት ጊዜ 9ኛ ክፍል ደርሶ ነበር፤ በቁመት ይበልጠኛል። እናቱን አውቃታለሁ፤ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ማንም አላስፈቀዳትም።

ዝም ብል ቀላል ነበር። እንግዳ ነኝ፤ ቤታቸው አርፌያለሁ፤ ለመጸዳጃ ቤቱ ጥገና ኬክ ሸጠው ገንዘብ የላኩልን እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ አስተዳደጋችን ነው፤ ያበላን ሰው ፊት ክፉ አንናገርም። ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ዋለ። በማግስቱም ለመላው ተማሪ በአዳራሽ እንድናገር መርሐ ግብር ተይዟል።

ማታ ሻይ እየጠጣን አስተባባሪዋን የነገውን ስላይድ እንድታሳየኝ ለመንኳት። እነዚያው ፎቶዎች ናቸው። ያን ጊዜ እንዲህ አልኳት፦ «ዛሬ ጠዋት ከስልኬ ያስጠፋችሁኝ ሕግ ለእኛም ልጆች ይሠራል።» ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች። የልጅን ፎቶና መረጃ ለመጠቀም የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠይቃል። የወረቀት ላይ ሕግ ብቻም አይደለም። በ2023 ናይሮቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመለጠፉ ከ4.5 ሚሊዮን ሺሊንግ በላይ ተቀጥቷል። ይህን ስነግራት ጽዋዋን አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ «ማንም እንዲህ ብሎን አያውቅም» አለች። አለማለታችንም እውነት ነው፤ ፎቶዎቹን የላክነው እኛው ነን። ችግራችንን ባሳየን ቁጥር እርዳታ ይመጣል ብለን አስበን ነበር።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ እናንተ የሚታየውን ነገር ሁሉ ለማየት ጠይቁ። ስላይድ፣ የግድግዳ ፎቶ፣ የወላጆች ደብዳቤ። በሰው ፊት ሳይሆን አስቀድማችሁ፣ በእርጋታ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ካልተነገራቸው ግን አይገባቸውም።

በዚያው ሌሊት ናይሮቢ ላለው ባልደረባዬ በዋትሳፕ ጻፍኩለት። ጠዋት 9ኛ ክፍሎችን ሰብስቦ ፊት የሌለበት ፎቶ አንስተው እንዲልኩ አደረገ። እነዚህ ልጆች በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያዎቹ 9ኛ ክፍሎች ነበሩ፤ ሥራ መፍጠር ይወዳሉ። በቀለም ያበደ ማታቱ፣ ማለትም የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ላኩ። የጠዋት ቻፓቲ መጥበሻ ላይ ሲነፋ። ራሳቸው የሠሩት የውሃ ማጣሪያ። ከጣሪያ ላይ የሚታየው የመሀል ናይሮቢ ፎቅ። አዳራሹ ውስጥ ማታቱው ሲታይ ልጆቹ ጮኹ። አንዷ እጇን አውጥታ «እዚያ ሕንፃ አለ?» አለች። ከዚህ በኋላ ሌላ ስላይድ አላስፈለገኝም፤ ሰዓቱ በጥያቄ አለቀ።

ከጥያቄዎቹ አንዱን ሳልናገረው አላልፍም። «አስተማሪዎች ይመቷችኋል ይባላል፤ እውነት ነው?» የጠየቀኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ኬንያ በትምህርት ቤት መግረፍን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እንግሊዝም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የከለከለችው በ1980ዎቹ፣ በግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው፤ አያቶቻቸው ተገርፈዋል። ይህን ነገርኩት። በሕግ ክልክል መሆኑን፣ በተግባር ግን ዱላው ከየትምህርት ቤቱ ሙሉ በሙሉ እንዳልጠፋም ነገርኩት። አገሬን ለማስዋብ ልዋሽ እችል ነበር። ልጅ ግን ውሸት ይሸተዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃችሁ መልሳችሁን አስባችሁ ሂዱ።

ስለ ምሳም ተገረሙ። ናይሮቢ ውስጥ ዲሺ ና ካውንቲ የሚባል የምገባ ፕሮግራም አለ፤ ልጁ አምስት ሺሊንግ ይከፍላል፣ የእጅ አምባሩን መሣሪያ ላይ ነካ አድርጎ ምሳውን ይቀበላል። አምስት ሺሊንግ ሦስት ፔንስ ገደማ ነው። ርዕሰ መምህሯ ደብተሯን አውጥታ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈች። ያን ቀን ማስታወሻ የያዝኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም ማለት ነው።

እኔን ያስቀናኝ ስማርት ሰሌዳው አይደለም። ክፍል ውስጥ ያለችው ሁለተኛ ሰው ናት። እንግሊዝ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት በአንድ መምህር ከ30 በላይ ልጅ እንዳይመደብ ሕግ አለ፤ በብዙ ክፍሎችም ረዳት መምህር አለች። እኔ ከስልሳ በላይ ልጅ ብቻዬን ይዤ ነው የምውለው። ሒሳቡን ስሠራው ትንሽ አዘንኩ። እነሱም ግን የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ወረቀት በዝቶባቸው ማታ ድረስ ይጽፋሉ፤ ሥራውን የሚተው መምህር ብዙ ነው። ሻይ ክፍላቸው ውስጥ የሰማሁት እሮሮ ከእኛው ሻይ ክፍል ጋር ቃል በቃል ሊገጥም ምንም አልቀረው።

ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በእውነት ያገናኘው አንድ ሜትር እንጨት ነው። በመጋቢት 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ዕለት በሁለቱም ከተማ አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርገን አቁመን፣ ፀሐይ በዕለቱ ከፍተኛው ቦታዋ ላይ ስትደርስ ጥላውን እንድንለካ ሐሳብ አቀረብኩ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ናት። በርሚንግሃም ወደ ሰሜን 52 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። የናይሮቢው ውጤት በዋትሳፕ ቀድሞ ደረሰ፤ እዚያ ቀትር ቀድሞ ይደርሳላ። ጥላው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል። የበርሚንግሃም ልጆች «ስህተት ነው» ብለው ሳቁ። የእነሱን ሊለኩ ወጡ፤ እንደ ዕድል ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጥላው ከእንጨቱ ረዘመ፤ አንድ ሜትር ከሠላሳ ገደማ። ከዚያ ክርክር ሆነ። መሬት ክብ ባትሆን ይህ ይሆን ነበር ወይ? ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ ግብፅ ውስጥ በዚሁ ዘዴ የምድርን ዙሪያ እንደገመተ ስነግራቸው አንዱ «አፍሪካ ውስጥ?» አለ። አዎ፣ አፍሪካ ውስጥ።

ምንም ገንዘብ አልወጣበትም፤ ማንም ሰጪ፣ ማንም ተቀባይ አልነበረም። ስትሄዱ እንዲህ ያለ አንድ ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። የዝናብ ልኬት፣ የዳቦ ዋጋ፣ የፀሐይ መውጫ ሰዓት፤ ሁለቱም ወገን የሌላውን ቁጥር ካላገኘ የማያልቅ ነገር ይሁን። ሰዓቱን ስትቀጥሩ ብቻ ተጠንቀቁ። በስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። በመጀመሪያው የቪዲዮ ቀጠሯችን «በሦስት ሰዓት» ተባብለን ልጆቻችን እረፍታቸውን ትተው ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ቀሩ። አሁን የሁለቱንም ከተማ ሰዓት ጎን ለጎን እንጽፋለን።

ከመመለሴ በፊት ከርዕሰ መምህሯና ከአስተባባሪዋ ጋር ተቀምጠን አጭር ስምምነት ጻፍን። ፎቶ በሁለቱም በኩል በወላጅ ፈቃድ ብቻ። የልጅ ሙሉ ስም አይጻፍም። ገንዘብ ከተላከ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሒሳብ፣ ከነደረሰኙ። ዕቃ ከመላኩ በፊት ይጠየቃል፤ ያረጁ የንባብ መጻሕፍት በካርቶን ሊሰጡኝ ነበር፣ ይቅርብኝ ብዬ ትቻቸዋለሁ። የግድግዳውን ፎቶ እኔ እያለሁ አወረዱት። የልጁን ፎቶ ጠይቄ ወሰድኩና ናይሮቢ ስገባ ለእናቱ ሰጠኋት። ጽሑፉን አነበበች። «በቀን አንዴ? ማነው ያለው?» ብላ በስዋሂሊ የሰደበችውን እዚህ አልደግመውም።

ቀጣዩ ተራ የእነሱ ነው። የምትመጣው መምህር ኬንያ ለመግባት በኢንተርኔት ፎርም ሞልታ ትንሽ ከፍላ ይፈቀድላታል፤ ኬንያ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪዛ አንስታለች። ባንክ ስቴትመንቷን ማንም አያገላብጥም። ይቆጨኛል፣ ግን ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የቆይታ ጊዜዋን የመረጥነው በፈረንጆቹ ሐምሌ (ጁላይ) መጨረሻ ነው። የእነሱ የትምህርት ዓመት በዚያን ጊዜ ተዘግቷል፤ የእኛ ሁለተኛ ተርም ገና አላለቀም። የእናንተም የትምህርት ካላንደር ከጋባዦቻችሁ ጋር ላይገጥም ስለሚችል ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። እኔ አሁን የወላጆችን የፎቶ ፈቃድ ፎርም በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እያባዛሁ ነው፤ ግማሹ ተፈርሞ ተመልሷል፣ ሌላው በየቦርሳው ውስጥ ተጨማድዷል።